አንቱ ያልኩህ ዕለት

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ትልቁ አሁን ጎረምሳ ሆኖ «የመኪናውን ቁልፍ አምጣ» እያለ ሳያስቸግርህ አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ። ከትራፊክ ፖሊስነቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊሽካዬን፣ ኮፍያዬን፣ ሁሉንም አስረክቤ ቤት ገብቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ስተወው ከረምኩ። ስልኬ ላይ «ሰላም ነው?» ብዬ ጽፌ ያጠፋሁበት ቀን ብዙ ነው። ከ5 ዓመት ዝምታ በኋላ በአንድ መስመር መልእክት ብቅ ማለት ያሳፍራል። ወረቀት ይሻላል አልኩ። ቢያንስ መሀል ላይ አታቋርጠኝም።

መጨረሻ ላይ ያልከኝን አልረሳሁትም። ጥግ አስይዤህ፣ ቀረብ ብዬ «መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ስልህ፣ እጅህ ኪስህ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ክሱ አልነበረም ያስደነገጠህ። «አንቱ አልከኝ?» አልክ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈስክም። ፈረምክ፣ መስታወቱን ዘጋህ፣ ሄድክ። ሆድና ጀርባ የሆንነው ያኔ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የምጽፈው። ግን ለየትኛው ጥፋት እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ከዚያ ዕለት 2 ዓመት በፊት ነው። አንተ ትዝ አይልህም፤ ሳይቀጣ ያለፈ ሰው ምን ትዝ ይለዋል። ጠዋት ነው። የመንገዱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት መኪኖች ትንሽ ተራርቀው መጡ። የፊተኛው 65፣ የኋለኛው 62። ሁለቱንም ጥግ አስያዝኳቸው። የፊተኛው አንተ ነበርክ። ገና ሳይህ ሳቅኩ። «አንተ ሰው፣ ምን አጣደፈህ?» አልኩህ። ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ጣሪያውን መታ መታ አድርጌ «ቀስ በል» ብዬ ሸኘሁህ።

ከዚያ ወደ ኋለኛው ሄድኩ። ወጣት ነው፤ መኪናው ያረጀ፣ የአንዱ በር ቀለም ከሌላው የማይገጥም። መንጃ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር የያዘው። ሲፈታው ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ስንስቅ በፊት መስታወቱ ሲያየን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ክሱን ጻፍኩለት። አልተለማመጠኝም። ፈርሞ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየውን ያውቁታል?» አለኝ። ዝም አልኩት። በጣም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

65 ብዙ አይመስልም፣ አይደል? በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ሹፌሩ ነገሩን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ቢወስድበት፣ በ50 የሚሄድ መኪና በ28 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ65 የሚሄደው ደግሞ 41 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይህ እንኳን ብዙም አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ባለቀበት ቦታ ላይ፣ ሁለተኛው ገና በ50 ገደማ እየሄደ ነው። ከፊቱ ልጅ ካለ፣ ልጁን የሚያገኘው በዚያ ፍጥነት ነው። አንተን ሳቄን ሰጥቼ ያሳለፍኩህ በዚህ ሒሳብ ነው። ያንን ወጣት የቀጣሁት ደግሞ ካንተ በ3 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

አንተ ሁልጊዜ «ሕግ ሕግ ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል» ትለኝ ነበር። ወሰኑ ሕግ ነው፤ 50 ይላል። 53 የመጣውን፣ 58 የመጣውን ግን እጅህ ላይ ይጥልልሃል። ሕግ ዐዋቂዎች «ፈቃደ ሥልጣን» ይሉታል። እኛ «እንደ ሁኔታው» ነበር የምንለው። ፀሐይ ላይ ቆመህ፣ ከኋላ መኪና እየጮኸ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የምትጨርሰው ፍርድ ነው። ይግባኝ ቢኖረውም ማንም አይልም።

አንዳንድ አገር ትንሹን ክፍተት በጽሑፍ ዘግተውታል። ጀርመኖች ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ለተለካ ፍጥነት 3 ኪሎ ሜትር ለመሣሪያው ስህተት ይቀንሳሉ፤ ከ100 በላይ ከሆነ 3 በመቶ። በእንግሊዝ የፖሊስ አዛዦች መመሪያ ከወሰኑ በላይ 10 በመቶና 2 ማይል ይጨምራል። ወሰኑ 30 ማይል ከሆነ ቅጣቱ በተለምዶ ከ35 ይጀምራል ማለት ነው። ግን እዚያም ቢሆን መመሪያው የፖሊሱን ውሳኔ አይተካም ተብሏል። ያው «እንደ ሁኔታው» በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ደግሞ መቀለጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዝ ውስጥ ዋልተር አርኖልድ የሚባል ሰው በሰዓት 2 ማይል በሚፈቀድበት በ8 ማይል ሲበር ተያዘ። ፖሊሱ ያባረረው በብስክሌት ነው። ለፍጥነቱ 1 ሽልንግ ተቀጣ። ስንትና ስንት ርቀት በፔዳል ሲያሳድደው የዋለ ሰው፣ ደርሶበት «ለዛሬ ምሬሃለሁ» ይላል ብለህ ነው? እኔ አልልም ነበር።

እኔስ በምን ነበር የምወስነው? እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙ ጊዜ በሰው አመል ነው። «ጥፋቴ ነው ጌታዬ» ያለኝን እለቅ ነበር። «ሥራ የለህም?» ያለኝን እጽፍበታለሁ። ሁለቱም እኩል ፍጥነት ላይ ቢሆኑም። የምትወልድ ሚስቱን ከኋላ አስተኝቶ የመጣ ሰው ነበር፤ እሱን መንገድ ከፍቼለት ሄደ፤ ደግ አደረግኩ። በሳምንቱ «እናቴ ታማብኝ ነው» ያለኝን አምኜ ለቅቄ፣ ቆይቶ ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ተመልሶ በፊቴ አለፈ። እጁን አውለበለበልኝ፣ የሚገርመው! ቀጥሎ የመጣው ምስኪን የእሱን ዕዳ ከፈለ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ አለቃችን «ስንት ጻፋችሁ?» ማለት ይጀምራል። ያኔ 54ም ያስጽፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀው። ቅጣቱ በእርከን ነው። እርከኑን ትንሽ ያለፈውን ሰው አንጀቴን ከበላው፣ ቁጥሩን አንድ ሁለት ዝቅ አድርጌ እጽፍለታለሁ፤ ከባዱ ቅጣት እንዳያገኘው። ደግነት ይመስለኝ ነበር። ከጡረታ በኋላ ያነበብኩትን ልንገርህ። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ወሰኑን በ10 ማይል ያለፈ ሰው ቅጣቱ ከፍ ይልበታል። ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የአውራ ጎዳና ፖሊሶች የጻፉትን ክስ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት አለ። ክሶቹ ልክ 9 ማይል ላይ ተከምረው አገኟቸው። ሹፌር ሁሉ ተማክሮ በ9 አያልፍም፤ ፖሊሶቹ ናቸው የሚቀንሱት። እዚህ ድረስ ፈገግ አልኩ፣ የእኔው ሥራ ነዋ። ቀጥሎ ግን ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ሹፌሮች ያንን ቅናሽ ከነጮቹ ያነሰ እንደሚያገኙት ይላል። ፈገግታዬ እዚያ ላይ ቀረ። ማሳቹሴትስ ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ፦ የከተማው ነዋሪ ያልሆነ ሹፌር የመቀጣት ዕድሉ ይበልጣል፣ ከተማው ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ ይብሳል።

መጽሔቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። እኔ አንጀቴን የበላው ማን ማን ነበር ብዬ ማስታወስ ጀመርኩ። የእናቴን አነጋገር የሚናገሩ። ጥሩ ልብስ የለበሱ። ሽማግሌዎች። አንተ። በላስቲክ የተጠቀለለው መንጃ ፈቃድ እዚያ ውስጥ የለም።

ካሜራውን ብትለኝ፣ አዎ፣ ካሜራ ዘመድ የለውም። ታርጋ እንጂ ፊት አይመርጥም። ግን ምጥ የያዛትንም አያውቅም። ያበደውንም ሹፌር እዚያው አያስቆመውም፤ ወረቀቱ ቤቱ እስኪደርስ ሰውየው ሲበር ይሰነብታል። የት ይተከል የሚለውንም የሚወስነው ያው ሰው ነው። እኔን በእሱ ይተኩኝ ቢሉ አልከራከርም ነበር፤ ደስ ግን አይለኝም።

እንግዲህ ወደ አንቱታው።

ያን ዕለት አብሮኝ አዲስ ልጅ ነበር፤ ሥራ እያለማመድኩት። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በሙሉ «ዘመድም ባዳም እኩል ነው» እያልኩ ስሰብክለት ሰንብቻለሁ። መኪናህ ብቅ ስትል ራዳሩን የያዘው እሱ ነው። «71» አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። እንዳወቅኩህ ገብቶታል። እኔ መቼም ፊቴ አይደብቅም። እየተራመድኩ ሳለ አፌ ራሱ ወሰነ፦ «መንጃ ፈቃድዎን»። አንቱታው ላንተ አልነበረም፣ ከኋላዬ ለቆመው ልጅ ነበር። ብታየኝ ደብተሩን እንኳ ከፍ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ እንዲያይልኝ።

ቅጣቱ ይገባህ ነበር። ለእሱ ይቅርታ አልጠይቅም። በ71 የሚሄድ ሰው 50 በሚባልበት መንገድ ላይ ወንድሜም ቢሆን መቆም አለበት። ቆይ ግን። የከባዱ እርከን መነሻ 70 ነበር። በዚያ ጠዋት ካንተ በፊት ለሦስት ሰዎች ቁጥር ቀንሻለሁ። ሦስቱንም አላውቃቸውም። አንዱ 72 ነበር፣ 69 ብዬ ጻፍኩለት። ላንተ ግን 71ን ሳልነካ ጻፍኳት። አንድ ኪሎ ሜትር አልለቀቅኩልህም። ባዳ ብትሆን ኖሮ ቀንሼልህ ነበር። ጻድቅ ለመምሰል ስል ከባዳም በታች አደረግኩህ። ይቅርታ የምጠይቅህ ለእሱ ነው። በመጀመሪያው ጊዜም ጠቀምኩህ፣ በሁለተኛው ጊዜም ጎዳሁህ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስላወቅኩህ ነው።

ለምን ዛሬ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት እኔ ራሴ ተያዝኩ። በ50 መንገድ ላይ 58። አትሳቅ። ጥግ ያዝኩ። በመስታወት ሳየው ትራፊኩ እየመጣ ነው፣ ልጅ እግር፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። የድሮው መታወቂያዬ አሁንም እዚያ ነው ያለው። ጫፉን ነካሁት። ከዚያ እጄን አወጣሁና መሪው ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ መንጃ ፈቃዴን አየ፣ እኔን አየ፣ መለሰልኝ። «ቀስ ይበሉ አባቴ» አለኝና ሄደ። በቃ።

ለምን እንደለቀቀኝ አላውቅም። ሽበቴን አይቶ ይሆን? 58 ትንሽ ነው ብሎ ይሆን? ወይስ ድሮ አይቶኝ ያውቃል? ከኋላዬ ሌላ መኪና አስቁሞ ነበር። ዞር ብዬ ምን እንዳደረገው ለማየት ፈለግኩ፣ ግን መንገዱን ዘግቼ መቆም አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ማታ ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ፣ የሚገባው አንተ ብቻ ነህ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ደውልልኝ። ስድብም ካለህ ጀምር፣ እሰማለሁ። አንቱ ካልከኝ ግን እዘጋዋለሁ።

የድሮው ጓደኛህ