የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ትግባ ወይስ የግል?

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ልጃችን 12ኛን አለፈችና ቤቱ ሁሉ የመንግስት ነው የግል እያለ ይጨቃጨቃል፣ አባቷ መንግስት በነፃ ያስተምራል ይላል፣ ነፃ ግን አይደለም እኮ፣ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ፈርማ ገብታ ስራ ስትይዝ ከደሞዟ ይቆረጣል። ደሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ የግልም የመንግስትም ተማሪ እሱን ሳያልፍ ዲግሪ የለም፣ ስለዚህ የጊቢውን ስም ተዉትና የምትገባበት ዲፓርትመንት ስንቱን እንዳሳለፈ ጠይቁ።

እኔን የጨነቀኝ ምደባው ነው። ምርጫ ትሞላለች እንጂ የት እንደሚጥላት በምን ታውቃለች፣ ተደራራቢ አልጋው፣ የካፌው ሽሮ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ መሰለፉ፣ ይሄን የሚችል ልጅ አለ የማይችልም አለ (የእህቴ ልጅ አልቻለም)። የኔዋ ትችለዋለች፣ ትሂድ ባይ ነኝ። ግን የየጊቢውን የዶርም ሁኔታ ምርጫ ከመሙላታችን በፊት ቢነግሩን ምን ነበረበት?