ዕቃችሁን ለምን በጅቡቲ እናስመጣለን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰሞኑን ከምትደውሉልን ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ታነሳላችሁ። «የኤርትራው አሰብ ወደብ ይከፈታል እየተባለ ነው፣ የሶማሊላንዱ በርበራም አለ። እናንተ ጅቡቲ ላይ ሙጭጭ ያላችሁት ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ለሁላችሁም በአንድ ደብዳቤ ልንመልስ ወደድን።

ከአሰብ እንጀምር። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን አብዛኛው ዕቃ የሚያልፈው በዚያ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ኤርትራ የሚያሻግሩት የቡሬና የዛላንበሳ ኬላዎች ሲከፈቱ ነጋዴው ሁሉ ሒሳብ መሥራት ጀምሮ ነበር። በዛላንበሳ በኩል ጤፍና ሲሚንቶ እየተጫነ ተሻገረ። ግን ቀረጡ በምን ይታሰብ፣ ምንዛሪው ስንት ይሁን፣ ማን ምን ማኅተም ይምታ የሚለው ሳይቋጭ ወራት አለፉና ኬላዎቹ ተመልሰው ተዘጉ። መንገድ መከፈቱ ብቻ እንደኛ ላለ ትራንዚተር (ዕቃ አስተላላፊ) ብዙም አይጠቅመውም።

በጅቡቲ በኩል ያለውን እዩት። ኮንቴይነሩ ከወደብ ታሽጎ ይወጣል። ድንበሩ ጋላፊ ላይ የነሱ ጉምሩክ ይሸኘዋል፣ የኛዎቹ ይቀበሉታል። ዋናው ፍተሻ የሚጠብቀው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ሾፌሩ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የንግድ ማኅበር) ቢጫ ካርድ ይዟል፤ እዚያ አገር አደጋ ቢያደርስ የዚህ አገር ኢንሹራንሱ ይሸፍንለታል። ይህች ካርድ ብዙ ሰው የማያውቃት፣ ግን ስንት ጭቅጭቅ የምታስቀር ወረቀት ናት።

ከጅቡቲ ጋርም ቢሆን ፍቅር በፍቅር አይደለንም። የወደብ ክፍያው በዶላር ነው፣ ይከብዳል። ቢሆንም እነሱም ኮረንቲ ከኛ ይወስዳሉ፣ ከሶማሌ ክልል በቧንቧ የሚሄድ ውሃም ይጠጣሉ። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን ደግሞ በነሱ በኩል ያልፋል። አንዱ ሌላውን አኩርፎ መቆየት አይችልም። እኛ የምንተማመነው በዚህ ነው።

በርበራ ወደቡ ታድሷል፣ እስከ ድንበሩ ቶጎ ውጫሌ ያለው መንገድም ተሠርቷል። ችግሩ ፖለቲካው ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሶማሊላንድን ግዛቴ የሚለውን የሞቃዲሾን መንግሥት አስቆጣ። በዓመቱ ቱርክ፣ አንካራ ላይ በተደረገ ስምምነት ነገሩ ረገብ ቢልም የናንተን ገንዘብ ይዘን እዚያ ውስጥ መግባት አልደፈርንም። ደፋር ድርጅት ካገኛችሁ አንከለክላችሁም።

ከኬንያ ለምትገዙ ግን የሞያሌን ድንበር እንመክራለን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚሠሩ መኪናው ሁለት ቦታ መቆም የለበትም።

ስለዚህ የሰጠናችሁ ዋጋ በሙሉ የጅቡቲ ነው፣ ለኬንያ ዕቃ ደግሞ የሞያሌ። በአሰብ አስመጣለሁ የሚላችሁ ሰው ከመጣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትራንዚት ሰነዱን አሳየኝ በሉት።

አንድ ነገር አደራ። ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) እና ፓኪንግ ሊስት (የዕቃው ዝርዝር) መርከቡ ወደብ ከመድረሱ በፊት ይድረሰን። ኮንቴይነሩ ወረቀት እየጠበቀ በቆመ ቁጥር ዴመሬጁም (የመዘግየት ቅጣቱ) በዶላር ነው የሚቆጥረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዕቃ አስተላላፊ ቢሯችሁ
አዲስ አበባ