ለአባዬ ነርሲንግ ሆም ስትመርጪ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? አባዬ ዳሌው ከተሠራ ወዲህ ዎከሩን (የመራመጃ ድጋፉን) ይዞ ተራመደ ስትዪኝ እግዚአብሔር ይመስገን ብያለሁ። ሐኪም ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስወጣው ስለሆነ፣ ሶሻል ወርከሯ ስለሰጠችሽ የነርሲንግ ሆም (ሕሙማንና አረጋውያን የሚታከሙበትና የሚጦሩበት ቤት) ዝርዝር ማወቅ ያለብሽን ልጻፍልሽ። በስልክ የተባለ ይረሳል፤ ይህን ግን ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ዝርዝሩ የቤቶች ስም እንጂ ምክር አይደለም፤ መምረጥ የእናንተ መብት ነው። «አልጋ የተገኘው እዚህ ብቻ ነው» ብትልሽ፣ የመረጥሻቸውን ሦስት ቤቶች ጽፈሽ ስጫትና ለሁሉም እንድታመለክት ጠይቂያት። ሦስቱም ከሰፈራችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የማይርቁ፣ በአውቶቡስ የምትደርሺባቸው ይሁኑ። አምስት ኮከብ ኖሮት 40 ደቂቃ ከሚያስኬድ ቤት ይልቅ፣ አራት ኮከብ ኖሮት በ10 ደቂቃ የሚደረስበትን እመርጣለሁ። ዘመዱ ሳይታሰብ ብቅ የሚልበት ሰው ዳይፐሩ ቶሎ ይቀየርለታል። መሆን አልነበረበትም፣ ግን እንዲህ ነው።

ኮከቡን የምታገኚው «ኬር ኮምፔር» በሚባለው የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ድረ ገጽ ነው። አጠቃላይ ኮከቡ ከመንግሥት ቁጥጥር፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከእንክብካቤ ውጤት ተደምሮ ይወጣል። የመጨረሻው በከፊል ቤቱ ራሱ በሚልከው መረጃ ላይ የቆመ ስለሆነ በአጠቃላዩ ብቻ አትተማመኚ፤ የቁጥጥሩንና የሠራተኛውን ለየብቻ ክፈቺ። የሠራተኛው ቁጥር ከደመወዝ መዝገብ ስለሚመጣ የበለጠ ይታመናል። እዚያው ቅዳሜና እሑድ ስንት ሠራተኛ እንደሚገባና በዓመት ምን ያህሉ እንደለቀቁ ይታያል። ግማሹ ሠራተኛ በየዓመቱ የሚለቅበት ቤት አባዬ ማታ ማታ ምን እንደሚያስፈራው የሚያውቅ ሰው አይኖረውም። ከስሙ አጠገብ ቀይ ክብ ውስጥ እጅ ካየሽ፣ በነዋሪ ላይ በደል ተገኝቶበታል ማለት ነውና እለፊው።

የቁጥጥር ሪፖርቱን ደግሞ እዚያው ቤት ማንንም ሳታስፈቅጂ ማንበብ ትችያለሽ፤ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ፊደል ይሰጠዋል። ከጂ ጀምሮ ያለው ሰው ተጎድቷል ማለት ነው፤ ጄ፣ ኬና ኤል ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ዲ ብታገኚ አትደንግጪ። የሚያስደነግጠው ያው ጥፋት በተከታታይ ዓመት ሲደገም ነው፤ ቅጣቱን ከፍለው ሥራውን አላስተካከሉም ማለት ነውና።

ለጉብኝት ቀጠሮ ስትይዢ የሚያሳዩሽ አዲስ የተቀባውን፣ ለተሃድሶ የሚመጡት የሚያርፉበትን ክንፍ ነው። አንቺ ግን «ለዘለቄታው የሚኖሩት ያሉበትን ፎቅ አሳዩኝ» በዪ፤ አባዬ ካልተሻለው የሚዛወረው እዚያ ነው። ከዚያ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ በእራት ሰዓት፣ ሳትነግሪያቸው ተመለሺ። ጥሪ ደወል ሲበራ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓትሽ ያዢ። ውኃው እጅ በሚደርስበት ነው ወይስ ከአልጋው ማዶ? መጉረስ የማይችሉትን ማን ያጎርሳቸዋል? ወይስ ትሪው ቀርቦ ቀዝቅዞ ይነሳል? አንድ ክፍል ቢሸት ያጋጥማል፤ ኮሪደሩ በሙሉ ከሸተተ የሰው እጥረት ነው።

የዕለቱ የሠራተኛ ቁጥር በየፈረቃው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። አንዲት ጂኤንኤ (ነዋሪዎቹን የምታጥብ፣ የምታገላብጥ ረዳት) ሌሊት ስንት ሰው እንደምትይዝ ጠይቂ። 20 ሰው ካሉሽ፣ ከእነሱ 10ሩ ብቻ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ቢያስፈልጋቸው እንኳ ለአንድ ሰው 12 ደቂቃ ነው የሚደርሰው፤ ያውም ደወል ካልተደወለ፣ ሽንት ቤት የሚወሰድ ከሌለ። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዳሌው የተሠራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚቆስለው ተረከዙና ከወገቡ በታች ነው። ስለዚህ በገባበት ቀን ነርሷ ሰውነቱን አንቺ ባለሽበት አይታ ትመዝግብ፤ ተረከዙም አልጋውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግለት።

አባዬ መርሳት ከጀመረ ወዲህ እንግሊዝኛው እየጠፋው ነው። አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ለሐኪም ውሳኔና ለፊርማ ጽዳት ሠራተኛዋን እንዲያስተረጉሙ አትፍቀጂ። ሐበሻ ጂኤንኤ ካለች መልካም ነው፣ ግን በየትኛው ፈረቃ እንደምትገባ ጠይቂ፤ ሌሊት ከሌለች ሌሊት አይጠቅመውም። «ውኃ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «አመመኝ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን ከራስጌው እንለጥፋለን።

ጾሙን ለምግብ ባለሙያዋ አስቀድመሽ ንገሪያት። ረቡዕና ዓርብ ትሪውን ሲመልስ «እምቢ አለ» ብለው ይጽፋሉ፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ኢንሱሊን ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ይህ አደጋ ነው። ቁስሉም ያለ ፕሮቲን አይድንም። የንስሐ አባቱ መጥተው ከጾም ይፍቱልን፤ እሳቸው ካሉት ይሰማል። ክብደቱን ጠይቂ፦ በአንድ ወር 5 በመቶ ከቀነሰ ሐኪም እንዲጠራ አስገድጂ። እንጀራ ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት የመዋጥ ምርመራው ይታይ።

ገንዘቡን ባጭሩ። ሜዲኬር የሚከፍለው ለተሃድሶ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም፤ ቢበዛ 100 ቀን። መጀመሪያ 20 ቀን ሙሉ ይከፍላል፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ የእናንተ ድርሻ አለ፤ በፈረንጅ 2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር። ለዚህም ሐኪም ቤት ሦስት ቀን «ኢንፔሸንት» (አልጋ ይዞ የሚታከም) ተብሎ መተኛት አለበት፤ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ የቆየ) ከተባለ አይቆጠርምና ዛሬውኑ ጠይቂ። ከዚያ በኋላ ሜዲኬድ (አቅም ለሌለው የሚከፍለው የመንግሥት መድን) ነው። «መኖሪያ ቤታችሁን በእኔ ስም አዙሩት» የሚልሽን አትስሚ። ሜዲኬዶች ወደ ኋላ አምስት ዓመት ቆጥረው ያያሉ፣ ስጦታውም ክፍያውን ያዘገየዋል። አንቺ እየኖርሽበት መኖሪያ ቤታችሁ ከሀብት አይቆጠርም።

ሲያስፈርሙሽ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) በሚለው ላይ አትፈርሚ፤ ዕዳውን በራስሽ ላይ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ማንም የግል ዋስትና ካልሰጠሽ አንቀበልም ሊልሽ አይችልም። ፍርድ ቤት ላለመሄድ የሚያስማማውን «አርቢትሬሽን» የሚባል ወረቀትም መተው መብትሽ ነው፤ ሳታውቂ ብትፈርሚ በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል።

ከገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው የእንክብካቤ ዕቅድ መውጣት አለበት፤ ግልባጩን ተቀበዪ። ያልተስተካከለ ነገር ካለ የኦምቡድስማኑ (የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚሰማው አካል) ስልክ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በነጻ ነው፣ ስምሽንም ያለ ፈቃድሽ አይሰጡም።

«ባሏን ጣለችው» ይሉኛል ብለሽ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። እሱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንቺ አንድ ነሽ፤ ያንቺም ወገብ ለእኛ ውድ ነው። እሑድ ስትሄጂ በቪዲዮ ደውይልኝ፤ ኮሪደሩን አብረን እናየዋለን።

የምትወድሽ ልጅሽ