ከፈረሰ ቤት የወጣ ዋንዛ ለማገዶ አይዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በከተማችን በጅማ በኮሪደር ልማትም ሆነ በግል ባለይዞታዎች ግንባታ ምክንያት አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የሚወጣው ዕቃ ምን ያህል እንደሚባክን በቅርብ ስለማይ፣ እኔም ራሴ ቤቴን በአብዛኛው ባገለገለ ዕቃ የሠራሁ ሰው በመሆኔ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልዎ ወደድሁ። የመንገዱን መስፋትም ሆነ የከተማውን መታደስ አልቃወምም፤ ቅሬታዬ በመፍረሱ ሳይሆን በአፈራረሱ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ በሰፈራችን በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው ሲባል የኖረ ቤት በአንድ ጠዋት በኤክስካቫተር ሲደረመስ ቆሜ ተመልክቻለሁ። የዋንዛ በሮቹ፣ የጣውላ ወለሉና የኮርኒሱ እንጨት ከድንጋዩና ከአፈሩ ጋር ተደባልቀው በገልባጭ መኪና ተጫኑ፤ የተረፈውንም ስብርባሪ የአካባቢው ሰው ለማገዶ ተከፋፈለው። ማገዶ በተወደደበት ዘመን በወሰዱት ሰዎች አልፈርድም። ነገር ግን በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ መከልከሉን ለሚያስታውስ ሰው፣ ቆሞ ያለውን ዛፍ በሕግ እየጠበቅን ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተቆረጠውን ደረቅና የበሰለ ጣውላ ማንደዳችን የሚገርም ነው። ያውም ይህ የሚሆነው በበርጩማዋ በታወቀችው በጅማ፣ የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የተቀረጸ እንጨት ዛሬም ድረስ በሚታይባት ከተማ ነው።

ስለ ራሴ ቤት ጥቂት ላውጋ። መሠረቱን አስቆፍሬ ግድግዳ ከማስጀመሬ በፊት በርና መስኮቶቹን ገዝቼ አስቀመጥሁ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ሆኖም አዲስ በር በተተወለት ክፍተት ልክ ሲሠራ፣ ያገለገለ በር ግን ልኩን ይዞ የሚመጣ ስለሆነ ግንበኛው ነው ለበሩ መታዘዝ ያለበት። ይህን ሳያስቡ ግድግዳ ካቆሙ በኋላ በር ፍለጋ የሚወጡ ሰዎች ያማረውን በር ከላይም ከታችም ሲያስቆርጡት አይቼ አዝኛለሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከፈረሰ ቤት የገዛኋቸውን አራት በሮች ቀለማቸውን ያነሳው አናጢ ከሥር የወጣውን እንጨት በእጁ እየዳሰሰ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ዋንዛ ዛሬ ከየት ያመጣሉ? እባክዎ ቀለም አይቀቡት፤ ዘይት ብቻ ያጠጡት» አለኝ። እንዳለውም አደረግሁ። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ በተለይም ሕፃናት ባሉበት ግቢ፣ አይገባም፤ ውኃ እያርከፈከፉ መሥራትና ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ማስወገድ ያስፈልጋል።

እንጨት ሁሉ አንድ አይደለም። ጥድና ዋንዛ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ዝግባ መልኩ ቢያምርም ለምስጥ ደካማ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዝግባ ከመሬት ርቆ ለኮርኒስ ወይም ለመደርደሪያ እንጂ ለቤት ቋሚ ምሰሶ ባይውል ይሻላል። ገዢው እያንዳንዱን እንጨት በቢላ ጫፍ ይውጋው፤ ቢላው ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ አብቅቶለታል። የቋሚዎች እግር በጅማ እርጥበት ቀድሞ የሚበሰብስ በመሆኑ አፈር ውስጥ የነበረው ጫፍ ተቆርጦ የቀረው በድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆም ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል።

ቆርቆሮን በተመለከተ፣ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እየወፈረ ይሄዳል፤ ከድሮ ጣሪያ የሚወርደው ዛሬ በየሱቁ ከሚበዛው ባለ 32 ጌጅ የሚወፍርበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ ፀሐይ አንስተው ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፈው የምስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ለማድ ቤትና ለአጥር ይበቃል። ለመኖሪያ ቤት ጣሪያ ግን፣ ዝናቡ ከዓመቱ ወሮች በአብዛኛው በማይለየን አገር፣ እኔ አዲስ ነው የገዛሁት። ጡብም እንዲሁ መለየት አለበት፤ በኖራ የተገነባው በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ኖራው ይለቀዋል፣ በሲሚንቶ የተገነባው ግን ጡቡ ራሱ ይሰበራል።

ቁጠባ ነው ብዬ ሁሉንም አሮጌ ነገር አላሞግስም። ከፍርስራሽ ወጥቶ በመዶሻ የተቃና ፌሮ ለኮለንና ለቢም መዋል የለበትም፤ ታጥፎ የተቃና ብረት ጥንካሬው እንደ ቀድሞው ነው ብሎ የሚምል ሰው የለም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦም እንዲሁ ይቅር። የአስቤስቶስ ክዳን ሲሰበርና ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ለከባድ በሽታ ስለሚዳርግ ማንም ገዝቶ ቤቱ ባያስገባው ጥሩ ነው።

ሌላው ችግር ማስረጃ ማጣት ነው። ከቆራሌው ወይም ከመንገድ ዳር ሻጭ በር የገዛ ሰው ዕቃው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ምን ይላል? የተሰረቀ ዕቃ መቀበል በወንጀል ያስጠይቃል፤ በዚህ ፍርሃት ብቻ ያገለገለ ዕቃ የማይነኩ ወዳጆች አሉኝ። እኔ በሮቹን የገዛሁት ባለቤቱ በጽሑፍ ከፈረመልኝ በኋላ ነበር፤ ወረቀቱም እስከ ዛሬ በእጄ አለ።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ አንድ ቤት እንዲፈርስ ሲወሰን ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ባለቤቱ በአናጢ አስነቅሎ የሚያወጣበት ቀን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይሰጠው። ሁለተኛው፣ የወጣው ዕቃ ዝናብ ሳይመታው ተመዝግቦ በደረሰኝ የሚሸጥበት ጣሪያ ያለው ቦታ በከተማው ይዘጋጅ። ሁለተኛው ገንዘብና ጊዜ እንደሚጠይቅ ይገባኛል። የመጀመሪያው ግን የሚጠይቀው ሦስት ቀን ያህል ትዕግሥት ነው፤ የእኔን አራት በሮች ከነመቃናቸው ነቅለው ለማውጣት ሁለት አናጢዎች የፈጀባቸው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ