የንግድ ሕግና ሥነ ምግባር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮም «ይሄ ክበብ ልጆቹን ጭቅጭቅ ነው የሚያስተምራቸው» የሚል አልጠፋም። አንድ ወላጅ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ነግረውኛል። አልካድኩም፣ ልጆቹ ይከራከራሉ። ልዩነቱ አሁን የሚከራከሩት አንቀጽ ጠቅሰው ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተገናኝተናል። የፍርድ ቤቶችን እርከን፣ ውል ምን ምን ማሟላት እንዳለበት፣ የንግድ ማኅበራትን ዓይነት ነካ ነካ አድርገናል። ሕገ መንግሥቱ ላይ ግን ቆየን። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ብለው ያስቡ የነበሩት ብዙዎቹ ናቸው። አንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ለሚቀመጡበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሚሰጥ፣ ጉዳዩን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ እንደሆነ ሲሰሙ ክፍሉ ተናጋ። ግማሹ «ፖለቲከኛ እንዴት ይተረጉማል?» አለ። ሌላው «የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ከሆነ ባለቤቶቹ ይተርጉሙት» ብሎ ድርቅ አለ። አላስታረቅኳቸውም።

ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ልደታ ፍርድ ቤት የሄድንበትን ቀን ነው። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነበር። «ጉዳይ ሳይኖረን ማን ያስገባናል?» ሲሉ ነው የከረሙት። ገባን። ስልክ ተዘጋ፣ ኮፍያ ወለቀ። ዳኛዋ ሲገቡ ከባለጉዳዮቹ ቀድመው የተነሡት የእኛ ልጆች ናቸው።

ከዕለቱ ቀጠሮዎች አንዱ የብድር ክስ ነበር። ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ እናት ተከሳሽ ሆነው ቆሙ። የተበደረው ወንድማቸው ነው፣ እሳቸው ዋስ ሆነው ፈርመዋል። ዳኛዋ ሰነዱን አሳይተው «ፊርማው የእርስዎ ነው?» አሏቸው።

«የእኔ ነው። ግን አላነበብኩትም፣ ወንድሜ ነው ብዬ ነው።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዋስ ሁኚልኝ ሲባል እምቢ ማለት እኛ ዘንድ እንደ ነውር ነው፣ ስንቱ ቤት ያለ ነገር ነው። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረና ወጣን።

ባቡር ስንጠብቅ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ መጣች። ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿን ሰምተን አናውቅም። «ቲቸር፣ ወረቀቱ ላይ የብሩ መጠን ተጽፏል?» አለችኝ። አላየሁም አልኳት። «1922 ላይ እኮ ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል።»

ልክ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና በግምት እንደማይወሰድ፣ በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና ጣሪያው ካልተቀመጠ ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። ዳኛዋ ይህን እንደሚመረምሩት ነገርኳት። «እሳቸውስ መጠየቅ እንደሚችሉ ያውቃሉ?» አለች። ምን ልበላት? በሳምንቱ «ዋስ ከመሆንዎ በፊት» የሚል ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ በእጇ ጽፋ መጣች። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍነው። በወላጆች ቀን ፎቶ ሲያነሡት የነበሩት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ወላጆች ናቸው።

ሥነ ምግባሩንም ከመጽሐፍ ብቻ አላስተማርንም። ወረቀትና ማርከር ሊገዙ የላክናቸው ሁለት ልጆች ሱቅ ውስጥ «ደረሰኙ ስንት ተብሎ ይጻፍ?» ተባሉ። የከፈሉትን ብቻ አጽፈው ተመለሱ። ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ አባላችን ከልቡ «ትርፉ ለክበቡ ፎቶ ኮፒ ቢውል ማን ይጎዳ ነበር?» አለ። ስለ ግብር አወሩ፣ ስለ እምነት አወሩ። በመጨረሻ አንዷ «ዳይሬክተሩ ፊት ቆመህ ደረሰኙን ጮክ ብለህ ታነበዋለህ?» አለችው። ሳቀ። ያመነበት ግን አይመስለኝም፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ አነሣው።

ያልተሳካም አለ። ፈተና ሲቃረብ አባላት ተመናመኑ። የችሎት ትርኢታችን አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ስለተያዘ ቀረ። ፌዴሬሽን ምክር ቤትን የመጎብኘት ዕቅዳችንም የመኪና ገንዘብ በማጣት ተሰረዘ። ለስፖርት ክበብ አዲስ ማልያ ሲገዛ ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው የንግድ ሕግ ግን አሁንም የ1952ቱ ነው። ነጋዴን፣ የንግድ ማኅበራትንና ኪሳራን የሚመለከተው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። አዲሱን በስልክ እንዳናነብ ስልክ ግቢ ውስጥ ክልክል ነው፣ እንዳናትም ወረቀት በኮታ ነው። ልጆቼ የተሻረ ሕግ ይዘው ሲከራከሩ ምን እንደምል ንገሩኝ።

ለቀጣዩ ዓመት የምንለምነው ብዙ አይደለም። የአዲሱ ንግድ ሕግ ጥቂት ቅጂዎች፣ አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥንና ለአንድ ጉብኝት የሚሆን መኪና ይበቃናል። ከወላጆች መካከል ጠበቃ፣ ዳኛ ወይም የሒሳብ ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ አንድ ሐሙስ ብቅ በሉ። የምንሰበሰብበትን ክፍል ዘበኛው ያሳያችኋል። መልስ ተዘጋጅታችሁ ኑ፣ ጥያቄው አይቀርላችሁም።