ድንጋዩ ውስጥ ማን አለ?

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ቤትሽ ካለው የባሕር ውሃ አኳሪየም፣ ከዓሣና ከኮራል ገንዳሽ ማለት ነው፣ ያነሳሻቸውን የእንግዳ ፍጡራን ፎቶዎች ከእናትሽ ጋር አየናቸው። እሷ «ይሄን ሁሉ ጉድ ቤቷ አስቀምጣ እንቅልፍ ይወስዳታል?» አለች። እኔን ግን ደስ ነው ያለኝ። ያልገዛሻቸው እንግዶች ብቅ ብቅ ካሉ ውሃው ለኑሮ ተስማምቷቸዋል ማለት ነው።

የመጡት ገንዳው ውስጥ ካስገባሽው ድንጋይ ነው። ከባሕር የወጣ ድንጋይ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ በየቀዳዳው ትል፣ ሸርጣን፣ ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ እንቁላል ተሸሽጎ ይገባል። ወራት ቆይተው መታየታቸውም አይግረምሽ። ሲመጡ በዓይን የማይሞሉ ነበሩ፤ ምግብ አገኙና አደጉ።

አደራ የምልሽ ማንነቱን ሳታውቂ እንዳትገድዪ ነው። «መድኃኒት ጨምሪበት» የሚልሽ አይጠፋም። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ትሉንም፣ የሸርጣን ዘመድ የሆነውን ሽሪምፑንም፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን እንስሳ፣ ኮራሉንም አብሮ ይፈጃል፤ መዳቡም ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

መስታወቱ ላይ ውር ውር የሚሉት ነጫጭ ነጥቦች ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የሸርጣን ዘመዶች ናቸው፤ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ማንዳሪን የሚባለው ዓሣ የሚኖረው እነሱን እየለቀመ ነው። ቱቦው ላይ የተለጠፉት ጥቃቅን ነጭ ጥቅልሎች ደግሞ ስፓይሮርቢድ የተባሉ ትሎች ቤት ናቸው። ውሃ እያጣሩ ይበላሉ፤ ተያቸው።

አሁን እናትሽን ወዳስደነገጣት ትል ልምጣ። ሮዝ መሳይ፣ በሁለት ጎኑ ነጭ ጸጉር ያለው፣ ብሪስል ወርም የሚሉት ነው። ይህ ፍጡር ያለ ሥራው ስሙ የጠፋ ነው። ዓሣ ሞቶ ያድርና ጠዋት ትሉ ላዩ ላይ ሲገኝ «ገደለው» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እሱ የደረሰው ለቀብሩ ነው። የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር እየበላ ያጸዳልሻል። ከበዛብሽ ምግብ አብዝተሻልና ቀንሺ። በባዶ እጅ ግን እንዳትነኪው፤ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ተሰክቶ ያቃጥላል። ከወጋሽ ፕላስተር ለጥፈሽ ንቀዪው። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ ከሥሩ ቀይ ሆኖ፣ ኮራል ላይ ወጥቶ ሲበላ ካየሽው ግን ያ ሌላ ነው፤ ፋየር ወርም ይባላል፤ አውጪው።

የሚያስፈራውን ትል ከፈለግሽ ራሱ ላይ 5 አንቴና ያለውን፣ ሰውነቱ ቀስተ ደመና የሚያበራውን ዩኒስን ፈልጊ። በ2009 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ አንድ የሕዝብ አኳሪየም ኮራሎቹ እየተቆረጡ ቢያስቸግሩት ገንዳውን አፈራርሶ ሲያይ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም ትል አገኘ። ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለው፣ ቡናማ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ዘንባባ የሚመስለው አይፕታዚያ የሚባል የኮራል ዘመድ እንስሳ ነው። ጣትሽን ስታስጠጊ ሽምቅ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ አትጠራጠሪ። ይህኛውን አልከላከልለትም፤ ይናደፋል፣ ይራባል፣ ኮራሉን ያፈናቅላል። ሆኖም እንዳትቦጭቂው፤ ከተረፈች ቁራጭ ሁሉ አዲስ ይበቅላል። የውሃ ማንቀሳቀሻውን አጥፍተሽ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በውሃ ወፈር አድርገሽ በጥብጪና በሲሪንጅ አፉ ላይ አፍስሺበት። ከበዛ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ወይም በርጊያ የምትባለዋን ቀንድ አውጣ መሳይ አስገቢ፤ በርጊያ ከአይፕታዚያ በቀር ሌላ አትበላም።

«ድንጋዩን አውጥተሽ ቀቅዪው» ቢሉሽ ግን በፍጹም! ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት፣ አበባ መሳይ ትንንሽ እንስሳት፣ ዞአንቲድ የተባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። በእንፋሎቱ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ፈግፍጎ ማጠብም ያው ነው።

ማታ ጠቅ፣ ጠቅ የሚለውን ድምፅ በተመለከተ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። ፒስቶል ሽሪምፕ ጥፍሩን ሲዘጋ የውሃ አረፋ ይፈጠርና ሲፈርስ ይጮኻል፤ እሱ ብዙም አይጎዳሽም። ማንቲስ ሽሪምፕ ከሆነ ግን ሸርጣንና ቀንድ አውጣ እያለቀብሽ፣ የተሰበረ ዛጎል እየተገኘ ነው። ክንዱ በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ፍጥነት ይመታል። ዓይኖቹ እንደ ዘንግ ወጣ ብለው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዞራሉ። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪሽን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነሽ እዪ፤ ብዙዎቹ ቀይ ብርሃንን አያስተውሉትም።

ሸርጣኑን በላክሽው ፎቶ መለየት አይቻልም። ሰማያዊውን መብራት አጥፊና በነጩ አንሺው፤ መጠኑ እንዲታወቅም መስታወቱ ላይ ማስመሪያ ለጥፊ። የጥፍሩ ጫፍ ጥቁር ነው? እግሩ ጸጉራም ነው? አልጌ ሲለቅም ነው ወይስ ሥጋ ሲቆርስ ያየሽው? ከተያዘልሽ ከድንጋይ ቁራጭ ጋር ማጣሪያው ገንዳ ውስጥ አስቀምጪውና ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ