ክፍል የገባችበት ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የማታ ተማሪዎችን ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሥራ አጥተው በመንግሥት ድጋፍ የሚኖሩ አዋቂዎች ያቋረጡትን ትምህርት ለመቀጠል ሲነሡ ስለሚገጥማቸው አንድ እንቅፋት ነው፤ እንቅፋቱ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ በአሠራር ለውጥ ሊነሣ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

እንደሚታወቀው በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል መድን የለም። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት የጡረታ ሥርዓት ለእርጅና፣ ለጤና ጉድለት፣ ለሥራ ላይ ጉዳትና ለሟች ተተኪዎች እንጂ ሥራ ለፈታ ሰው የታሰበ አይደለም። የስንብት ክፍያም ቢሆን ቀድሞ ተቀጥሮ ለነበረ፣ ያውም የሕጉን መስፈርት ላሟላ ነው። ስለዚህ ለከተማው ድሃ ከዘመድና ከጎረቤት ባሻገር የቀረው መደገፊያ፣ ሁላችንም በአጭሩ ሴፍቲኔት የምንለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሥራ የጀመረው ይህ ፕሮግራም በሁለተኛው ምዕራፉ ብዙ ተጨማሪ ከተሞችን አካትቷል። ጉልበት ያለው ተጠቃሚ ጎዳና ይጠርጋል፣ ቦይ ይከፍታል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ከሚከፈለው ላይ 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አነስተኛ ሥራ የሚጀምርበት ገንዘብ ተሰጥቶት ይወጣል። አወጣጡን "ምረቃ" ይሉታል። ከ8ኛ ክፍል እንኳ ተመርቀው የማያውቁ ተማሪዎቼ "ዘንድሮ ተመራቂ ነን" ሲሉኝ፣ እነርሱም እኔም እንስቃለን።

ከእነዚሁ አንዷ የ7ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ከተመለሰች በኋላ በሴፍቲኔት ታቅፋ፣ ተራዋ በደረሰ ቀን ከንጋት ጀምሮ መንገድ ትጠርጋለች። የማታው 7ኛ ክፍል የሚማርበት ክፍል ቀን ቀን የ3ኛ ክፍል ስለሆነ፣ ጠዋት ልጇ የተቀመጠበት ዴስክ ላይ ማታ እርሷ ጉልበቷን አጥፋ ትቀመጣለች። ልጇ በምገባው ፕሮግራም ምሳውን እዚያው በልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እርሷ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳትቀምስ እንደምትመጣ ጓደኞቿ ነግረውኛል። ክፍልፋይ ሲደመር የታችኛውን ቁጥር ለምን እንደማንደምር ደጋግማ የጠየቀችኝ፣ መልሱ ካልገባት ደግሞ "ገባኝ" የማትል ሴት ናት። ትምህርት ይገባት ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ እርሷን አይመለከትም።

የሚመለከታት ሰዓቱ ነው። የሴፍቲኔት ሥራ በወር የተቆጠሩ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ክፍያው ዘይትና ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። የጎደለውን የምትሞላው ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ በመደብ አድርጋ ጉሊት በመሸጥ ነው። የጉሊት ገበያ ደግሞ የሚደራው ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የእኔም ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የማታ ትምህርት ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች የሚቆጥሩት የመመዝገቢያውንና የደብተሩን ዋጋ ነው፤ ያልተሸጠውን፣ በማግስቱ የሚጠወልገውን ቲማቲም አይቆጥሩትም።

መፍትሔው በእኔ አስተያየት ቀላል ነው፦ በስም መጥሪያ የተረጋገጠ የክፍል ሰዓት ተደምሮ፣ ከተወሰነ ልክ ሲደርስ እንደ አንድ የሥራ ቀን ይቆጠርላት፤ እንዲህ ከሆነ ከመጥረጊያው ነፃ በምትሆንበት ቀን ጠዋት ሌላ ሥራ ሠርታ ማታ ያጣችውን ታካክሳለች። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በገጠሩ ሴፍቲኔት ስለ ጤናና ስለ ሥነ ምግብ የሚሰጠውን ትምህርት የሚከታተሉ ተጠቃሚዎች ጊዜያቸው ከሥራ ቀን ጋር እንዲታሰብላቸው የሚፈቅድ አሠራር ከዚህ በፊት ተዘርግቷል። ለገጠሩ የተፈቀደ ነገር ለከተማው የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ይህንኑ ለአንድ ጽሕፈት ቤት በቃል ባቀርብ የተሰጠኝ መልስ "ፕሮግራሙ ለሥራ ነው፣ ትምህርት የግል ጉዳይ ነው" የሚል ነበር።

የግል ጉዳይ ነው ወይ? አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ከሚያነቡ ሥራ ፈላጊዎች አጠገብ ቆሞ ማስታወቂያዎቹን የተመለከተ ሰው፣ ለጥበቃና ለጽዳት እንኳ የክፍል ደረጃ እንደሚጠየቅ ያያል። ለሦስት ዓመት መንገድ የጠረገች ሴት ጽዳትን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሆኖም ሚኒስትሪ ካልወሰደች በብዙ መሥሪያ ቤት ማመልከቻዋን የሚቀበላት የለም። መነሻ ገንዘቡም ቢሆን ሒሳብ መያዝ ላልቻለ ሰው በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ነው።

"ለስሙ ተመዝግበው ይቀራሉ" የሚል ሥጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፣ ሥጋቱም መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን በመንገድ ጠረጋውም ቢሆን ፈርሞ የሚጠፋ አለ፤ ለዚያ የተበጀው ቁጥጥር ለዚህም ይበቃል። እኛ መምህራን በየምሽቱ ስም እንጠራለን፣ ፈተና እንፈትናለን፣ ውጤት እንመዘግባለን፤ የወሩን መዝገብ ለወረዳው መላክ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሦስት ዓመቱ ቆጠራ ከትምህርት ዘመኑ ጋር አይገናኝም። በመጋቢት "የተመረቀ" ተጠቃሚ የሰኔን ፈተና ያለ ድጋፍ ይጠብቃል፣ ብዙውም አይጠብቅም። የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ለሆነ ተጠቃሚ ድጋፉ ቢያንስ እስከ ፈተናው ቢራዘም የሚጨመረው የጥቂት ወራት ክፍያ ነው።

ተማሪዬ ካለፈው ወር ጀምሮ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ የመስከረም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ወረዳ ብቻ እንኳ ቢሞክሩት፣ መዝገቡን ለመያዝ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማታ ትምህርት መምህር፣ ከአዲስ አበባ